«እሱማ ያውቃል» ተብሎ የሚተወው ልጅ



ለማስተማር ልምምድ ወደየትምህርት ቤቱ የምንወጣበት ጊዜ እየተቃረበ ነው። ሁላችንም በያለንበት የትምህርት ዕቅድ እየጻፍን፣ ከካርቶንና ከበቆሎ አገዳ የትምህርት መርጃ እየሠራን እንገኛለን። ማታ ማታ ደግሞ በመኝታ ክፍላችን ክርክር አይጠፋም። ከሰሞኑ ክርክራችን አንዱ እንቅልፍ የነሳን ስለሆነ ወደዚህ ግድግዳ ልናመጣው ወደድን። ጽሑፉ ረዘም ስለሚል ቆሞ የሚያነብ ሰው እግሩ ቢዝል በሁለት ቀን ከፍሎ ያንብበው፤ ጋዜጣው እስከ ሳምንቱ መጨረሻ አይነሳም።

ነገሩ የተነሳው እንዲህ ነው። ስለ ልዩ ፍላጎት ትምህርት ስናጠና ማየት ስለተሳነው፣ መስማት ስለተሳነው፣ ትምህርት ስለሚከብደው ልጅ ብዙ ተባለ። ከመካከላችን አንዱ «ትምህርት ስለሚቀለውስ ልጅ?» ብሎ ጠየቀ። ወዲያው ከየአልጋው «እሱማ ያውቃል! ምን ሆነና ነው ስለሱ የምንጨነቀው?» የሚል ሳቅ ተከተለ። ነገሩ ግን በሳቅ አላለቀም። በሚያዝያ 1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከዘረዘራቸው ዓላማዎች አንዱ፣ አካል ጉዳተኞችም ሆኑ ልዩ ተሰጥኦ ያላቸው ልጆች እንደ ችሎታቸውና እንደ ፍላጎታቸው እንዲማሩ ማድረግ የሚል ነበር። ልብ በሉ፤ ሁለቱም በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተጠቅሰዋል። የመጀመሪያዎቹን ሥራ እየጠየቀንም ቢሆን እናስታውሳቸዋለን። ሁለተኛዎቹን ግን «ያውቃሉ» ብለን በቁማቸው ረስተናቸዋል። የእኛ አቋም ይህ መርሳት ልጆቹንም አገሪቱንም ይጎዳል፣ የሚቀረፈውም በአንደኛና በሁለተኛ ክፍል በሚቆም ተራ መምህር ነው የሚል ነው።

በመጀመሪያ ግን ማንን እንደምንል እንለይ። በየትምህርት ቤቱ «ጎበዝ ተማሪ» የሚባለው አንደኛ የሚወጣው ነው፤ ሰኔ ላይ በወላጆች በዓል ደብተርና እስክሪብቶ የሚሸለመው። አንደኛ መውጣት የሚናቅ ነገር አይደለም። ነገር ግን አንደኛ የሚያስወጣ ነገር ብዙ ነው። ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር መኖር አንደኛ ያስወጣል። የሚያስጠና ታላቅ ወንድም፣ የሚያምር ጽሕፈት፣ በአጨዳ ወራት ከትምህርት አለመቅረት፣ ከብት የሚጠብቅ ሌላ ልጅ ቤት ውስጥ መኖሩ፣ አንዳንዴም የመምህር ልጅ መሆን አንደኛ ያስወጣል። ሁለት ሰዓት ተጉዞ፣ በሳምንት ሁለት ቀን እየቀረ፣ አሥራ አምስተኛ የወጣው ልጅ ግን ምን ይዞ እንደመጣ ማን ጠየቀ?

በቡሬ ገበያ በርበሬ ሲሸጥ የዋለ ልጅ አይታችሁ ይሆናል። ከመካከላችን አንዱ የሚያውቀው እንዲህ ያለ ልጅ አለ። በደብተሩ ላይ ማባዛት ሲሠራ እጅ ወደ ላይ መውሰድ ይረሳል፣ ቁጥሮቹም በቀጥታ መስመር አይቀመጡለትም፤ ከአሥር ሦስት ያገኛል። ገበያ ላይ ግን «ሦስት ፈረሱላ ከአራት ኪሎ ስንት ኪሎ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ዓይኑን እንኳ ሳያሽ «ሃምሳ አምስት» አለ። እንዴት አገኘኸው ቢባል፣ «ፈረሱላው አሥራ ሰባት ነው። ሃያ ባደርገው ሦስት ጊዜ ስልሳ ነው። በእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ስለጨመርኩ ዘጠኙን እመልሳለሁ፤ ሃምሳ አንድ። አራቱን ስጨምር አለቀ» ብሎ አስረዳ። ይህን ዘዴ ማንም አላስተማረውም። ራሱ ነው ያገኘው። መምህሩ የሚያየው ደብተሩን ብቻ ነውና ልጁ «በሒሳብ ደካማ» ተብሎ ተመዝግቧል።

ሌላው ምሳሌ ገበጣ ነው። ከብት ጥበቃ ላይ መሬቱን ቆፍረው ሲጫወቱ፣ ጠጠሩን በእጁ ሳይነካ ዙሩ የት ጉድጓድ ላይ እንደሚያልቅ አስቀድሞ የሚናገር ልጅ አለ። አንዱን ዙር ብቻ ሳይሆን ተጋጣሚው የሚመልስለትንም ጨምሮ ይቆጥራል። ይህ ማለት ልጁ ብዙ ቁጥር በአንድ ጊዜ በአእምሮው ይዞ እያንቀሳቀሰ ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ ክፍል ውስጥ ወስደን «ሁለት ሲደመር ሦስት» እያልን አርባ ደቂቃ ስናስጮኸው ምን ይሰማው ይሆን? በላህ ወንዝ ዳር ከአገዳ የውኃ ወፍጮ ሠርቶ የሚያዞረውም አለ። ሲያዞረው ብቻ ቢሆን ኖሮ ጨዋታ ነው እንል ነበር፤ ክንፉን ሲያሳጥር ለምን እንደሚፈጥን የሚጠይቅ ከሆነ ግን ነገሩ ከጨዋታ አልፏል። እንቆቅልሽ ላይ አገር ተሰጥቷት አገር የምትመልስ፣ ለለቅሶም ለሠርግም ግጥም የምትደረድር፣ ክፍል ውስጥ ግን ነጠላዋን ወደ አፏ ስባ ድምፅዋን ሳያሰማ የሴሚስተሩ ትምህርት የሚያልቅ ልጅም አለች።

ስለዚህ ተሰጥኦ ማለት በደብተር ላይ ያለ ቀይ እርማት አይደለም። ፈረንጆቹም ቢሆኑ ይህን የተማሩት ብዙ ተሳስተው ነው። በፈረንሳይ አገር አልፍሬድ ቢኔ እ.ኤ.አ. በ1905 የመጀመሪያውን የአእምሮ መለኪያ ፈተና ሲያዘጋጅ፣ ዓላማው በትምህርት ወደ ኋላ የቀሩትን ለይቶ ለመርዳት ነበር። አሜሪካዊው ሉዊስ ተርማን ፈተናውን አሻሽሎ እ.ኤ.አ. ከ1921 ጀምሮ በካሊፎርኒያ ከ1500 በላይ ከፍተኛ ነጥብ ያመጡ ልጆችን መርጦ ዕድሜ ልካቸውን ተከታተላቸው። አብዛኞቹ በኑሯቸው የተሳካላቸው ሆኑ። የሚገርመው ግን በዚያው ምርጫ ጊዜ ተፈትነው ነጥባቸው አልደረሰም ተብሎ የተመለሱ ሁለት ልጆች ነበሩ፤ ዊልያም ሾክሌይና ሉዊስ አልቫሬዝ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1956፣ ሁለተኛው በ1968 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ከተመረጡት መካከል ኖቤል ያገኘ አንድም አልነበረም! በኋላ የመጣው ጆሴፍ ሬንዙሊ እ.ኤ.አ. በ1978 ባቀረበው ሐሳብ ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ ተመለከተ፤ ከመካከለኛ በላይ የሆነ ችሎታ፣ አዲስ ነገር የማፍለቅ ጠባይ፣ የያዙትን ሥራ ሳይሰለቹ የሙጥኝ ማለት። ሦስተኛውን ልብ ልንለው ይገባል። የአገዳ ወፍጮውን አሥር ጊዜ ፈርሶበት አሥራ አንደኛ ጊዜ የሚሠራው ልጅ ይህ አለው፤ ፈተና ግን አይለካውም።

ታዲያ ዓይን ያለው መምህር ለምን አያያቸውም? ክፍሉ ስድሳና ሰባ ልጅ የታጨቀበት መሆኑ አንዱ ምክንያት ነው፤ ይህን ማንም ስለሚያውቀው አንዘገይበትም። ከዚህ የሚከፋው ባለ ተሰጥኦው ልጅ ብዙ ጊዜ የሚታየው በጥፋተኛ መልክ መሆኑ ነው። የተሰጠውን ሥራ በአምስት ደቂቃ ጨርሶ ቀሪውን ሠላሳ አምስት ደቂቃ ጎረቤቱን ይቆነጥጣል። «ለምን?» ይላል። መልስ ከተሰጠው በኋላም «እሱስ ለምን?» ይላል። መምህሩ በሰሌዳ ላይ የጻፈውን ስሕተት ከኋላ ወንበር ሆኖ ጮክ ብሎ ያርማል። ሮስተር ላይ «ጠባይ» የሚል ዓምድ አለ፤ «ጥያቄ» የሚል ዓምድ ግን የለም። እንዲህ ያለው ልጅ በመጀመሪያው ዓመት ይመታል፣ በሁለተኛው ይንበረከካል፣ በሦስተኛው ዝም ማለት ይማራል። «አሁን ጨዋ ሆነ» ይባልለታል። በእኛ አስተያየት ግን የከሰረው ያን ዕለት ነው።

ሁለተኛው መንገድ ደግሞ በክብር ስም ልጁን ማባከን ነው። ልጁ ጎበዝ መሆኑ ሲታወቅ የክፍል አለቃ ይደረጋል። የሚረብሹትን ስም ይጽፋል፣ ጠመኔ ያመጣል፣ ደብተር ይሰበስባል፣ መምህሩ ስብሰባ ሲሄድ ሰሌዳ ላይ ይገለብጣል። ከዓመታት በፊት በየትምህርት ቤቱ ተዘርግቶ በነበረው የአንድ ለአምስት አደረጃጀት ውስጥ ብዙዎቻችን በተማሪነታችን አልፈናል። አምስቱን እንዲያስጠና የተመደበው ልጅ ሌሎቹን መርዳቱ መልካም ነበር፤ ማስተማር ራሱ ያስተምራልና። ነገር ግን ሲያስጠና የሚውለው የሚያውቀውን ነው። እሱ የማያውቀውን ማን አስጠናው? ዓመቱን ሙሉ ሰጥቶ አንዳች ሳይቀበል ሰኔ ይደርሳል።

ሦስተኛውን ምክንያት ለመጻፍ ስናመነታ ቆይተናል። ሆኖም የግድግዳ ጋዜጣ ለጌጥ አይሰቀልምና እንጽፈዋለን። መምህር የሚበልጠውን ልጅ ይፈራል። በተለይ አዲስ መምህር፣ በተለይ ሃያ ዓመት የሞላው እንደኛ ያለ መምህር፣ ክፍሉ ፊት «ይህን አላውቀውም» ማለት ሞት ይመስለዋል። ስለዚህ የማያውቀው ጥያቄ ሲመጣ «ይህ ከትምህርቱ ውጭ ነው፣ ተቀመጥ» ይላል። በንጉሡ ዘመን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቅጥር ግቢ ውስጥ በዕደ ማርያም የሚባል ትምህርት ቤት ነበር፤ ከየጠቅላይ ግዛቱ ከፍተኛ ውጤት ያመጡ ተማሪዎች እየተመረጡ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እዚያ ይማሩ ነበር፤ ከዓላማዎቹም አንዱ ከእነሱ ውስጥ መምህራንን ማፍራት ነበር። ጎበዙ ተለቅሞ አስተማሪ እንዲሆን ይፈለግ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ወደዚህ ሙያ ማን በምን ውጤት እንደሚመጣ እኛው እናውቀዋለን፤ እዚህ ላይ አንጨቃጨቅ። በየሄድንበት ክፍል ከእኛ የሚፈጥን አእምሮ ያለው ልጅ እንደሚገጥመን ግን የታወቀ ነው። ጥያቄው ስንገናኝ ምን እናደርገዋለን ነው።

መልሱን ለመፈለግ ባሕር ማቋረጥ አላስፈለገንም። ከሦስቱ ስመ ጥር የቅኔ ቤቶች ሁለቱ፣ ዋሸራና ጎንጅ፣ የጎጃም ናቸው፤ ሦስተኛው ዋድላ ወሎ ነው። ከእኛም መካከል ወንድሙ ወይም አጎቱ ቆሎ ተማሪ ያልነበረ ጥቂት ነው። የቅኔ ቤትን አሠራር በመምህር ዓይን ስናየው ያስደንቃል። በአንድ ጉባኤ ውስጥ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅና የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ አብረው ይቀመጣሉ። ማንም በዕድሜው አይመደብም። ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ይጀመራል፤ ጉባኤ ቃና የሞላለት ወደ ዘአምላኪየ፣ ከዚያ ወደ ሚበዝኁ፣ ወደ ዋዜማ፣ ወደ ሥላሴ እያለ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይወጣል። አንዱ በወራት የሚያልፈውን ሌላው በዓመታት ያልፈዋል፤ ፈጣኑን ማንም «ጓደኞችህን ጠብቅ» አይለውም፣ ዘገምተኛውንም ማንም «ወደቅህ» ብሎ አያባርረውም።

ከዚህም በላይ የቀኑ ውሎ ራሱ ተሰጥኦን የሚፈትሽ ነው። የኔታ መንገዱን ያሳያሉ፤ ከዚያ ተማሪው ለብቻው ዛፍ ሥር ወይም ገደል አፋፍ ተቀምጦ ቅኔ ሲቆጥር ይውላል። የሌላ ሰው ቅኔ አጥንቶ መምጣት አያዋጣም። የራሱን አዲስ ቅኔ ይዞ መጥቶ ይነግራል። ሰሙና ወርቁ ካልገጠመ ይመለሳል፣ ከሆነለት ይታለፋል። የበረታው አስነጋሪ ሆኖ የጀማሪዎቹን ቅኔ ይሰማል፤ ይሁንና እሱም በዚያው ቀን ከእሱ ደረጃ በላይ ያለውን ለመምህሩ ይነግራል። ከአንድ ለአምስቱ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ እየሰጠ ይቀበላል። በመጨረሻ ደግሞ ተማሪው የመምህሩን ዕውቀት ሲጨርስ መምህሩ ራሳቸው መርቀው ወደ ሌላ መምህር ይሰዱታል። ተማሪ ቢበልጣቸው አያፍሩም። «የእገሌ ደቀ መዝሙር ነው» ሲባል ስማቸው አገር ያዳርሳል።

የቅኔ ቤቱን እንከን የለሽ ማስመሰላችን አይደለም። ዱላ ነበር፣ ረሃብ ነበር፣ ውሻ የነከሰው እግር ነበር። ሴት ልጅ በደጁ እምብዛም አትታይም ነበር። ሕዝቡም የአእምሮን ብሩህነት ብዙ ጊዜ ለአብሾ ይሰጠዋል፤ ቶሎ የያዘ ልጅ «አብሾ ጠጥቷል» ይባላል፤ ያን ፍለጋ የጠጡና የታመሙም እንዳሉ በየሰፈሩ ይወራል። ይህ ሁሉ ቢሆንም ከዚያው ከጎጃም ቅኔ ቤት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ወጥተዋል። በልጅነታቸው የዓይናቸውን ብርሃን አጡ። አባታቸው የቅኔ መምህር ነበሩና ልጃቸውን ቅኔ አስተማሩ፤ እማሆይም በተራቸው ጉባኤ ዘርግተው ወንዶቹን ተማሪዎች ቅኔ የሚያስተምሩ የታወቁ መምህርት ሆኑ። ሴት ናት ተብላ፣ ዓይነ ስውር ናት ተብላ ጓዳ መቅረት የምትችል ልጅ ነበረች። ያች ልጅ ያለፈችው አንድ መምህር ስለሰማት ነው። መምህሩ አባቷ ባይሆኑስ ኖሮ ማን ይሰማት ነበር? 1986 ዓ.ም. ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር የተጻፉት ሁለቱ ዓይነት ልጆች በአንድ ሰው ውስጥ እንደሚገኙ እማሆይ ገላነሽ ምስክር ናቸው።

በዘመናዊው ትምህርትም ምሳሌ አይጠፋም። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በምዕራብ ሸዋ ወሎንኮሚ በሣር ጎጆ ተወለዱ። እናታቸው ልጃቸው እንዲማር ቆርጠው ተነሥተው ሃያ ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኝ ከተማ አስቀመጧቸው፤ ሳምንቱን ተምረው በሳምንቱ መጨረሻ በእግራቸው ይመለሱ ነበር። ከዚያ ጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎ ዓለማያ፣ ቀጥሎ አሜሪካ ገቡ። አቀንጭራን የሚቋቋም የማሽላ ዝርያ በማውጣታቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም ምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። አቀንጭራ የገባበት ማሳ ምን እንደሚመስል ለገበሬ ልጅ አይነገርም። አንድ ልጅ ከጎጆ በመውጣቱ ስንት ማሳ ዳነ! በየቀዬው ሳይወጡ የቀሩትን ደግሞ ማን ይቆጥራቸዋል።

አሁን ወደ ክርክራችን እንመለስ። አንድ ጓደኛችን በብርቱ የተቃወመን እንዲህ ሲል ነው፤ «ሰባ ልጅ ይዤ፣ ማንበብ የማይችሉ ሃምሳ ልጆች እያሉ፣ ለአንዱ ብልህ ጊዜ ከሰጠሁ አድልዎ ነው። ብልሁ ራሱን ያወጣል።» ቁም ነገር ያለው ተቃውሞ ነው፤ ሃምሳዎቹን የረሳ መምህር መምህር አይባልም። ግን «ራሱን ያወጣል» የሚለው አይዋጥልንም። በእኛ አገር ገጠር ልጅ ራሱን አያወጣም። አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላው «ትምህርቱ ምን ጠቀመህ?» ይባላል። እሱም ክፍሉ ስለሰለቸው የሚመልሰው የለውም። ወደ መተማ ሰሊጥ አጨዳ የሚሄዱትን ተከትሎ ይሄዳል። እሷ ደግሞ ትዳራለች። ቶሎ የሚገባው ልጅ ቶሎ ይሰለቻል፤ ጉዳት ከሚደርስባቸውም አንዱ እሱ ነው። በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የተነሳው ግጭት የብዙ ትምህርት ቤቶችን በር አዘግቶ እጅግ ብዙ ልጆችን ከትምህርት ገበታ አርቋል። ከእነዚያ ውስጥ ስንቱ የገበጣውን ዙር አስቀድሞ የሚያይ እንደነበር የተመዘገበ ነገር የለም። አስቀድሞ ያየው ስላልነበረ ሲጠፋም አይታወቅም።

«ለዚህማ ልዩ ትምህርት ቤት አለ» የሚልም ይኖራል። አዎን፣ ቡራዩ ላይ የተሰጥኦ ማበልጸጊያ ተቋም ተሠርቷል፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም የሳይንስና የሒሳብ ዝንባሌ ያላቸውን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚቀበል ማዕከል አለው። ደግ ሥራ ነው። ግን እዚያ የሚደርሰው አስቀድሞ የታየው ልጅ ነው። ከወምበርማ ወይም ከቋሪት ገጠር ቀበሌ ተነስቶ እስከ ዘጠነኛ ክፍል ያልደረሰውን ልጅ የባሕር ዳሩ ማዕከል ከየት ያገኘዋል? ሁለተኛ ክፍል ላይ ያለው መምህር ካላየው ማንም አያየውም።

ለመሆኑ ያለ በጀት ምን ማድረግ ይቻላል? ተከራክረን የተስማማንባቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። ሰሌዳው ጥግ ላይ በየቀኑ አንድ ከበድ ያለ ጥያቄ ይጻፍ፤ የጨረሰ ልጅ ጎረቤቱን ከመቆንጠጥ እሱን ይሞክር። ማንም እንዳይገደድ፣ ነጥብም እንዳይያዝበት። ማን እንደሚሞክረው በሁለት ሳምንት ውስጥ ይታያል፤ ያልጠበቅነው ልጅ እጁን ሲያወጣም እናያለን። ጥያቄው ከመጽሐፍ መቀዳት የለበትም፤ ገበያው፣ ማሳው፣ ወፍጮ ቤቱ ሞልቶታል። «ስንት ነው?» ከማለት ይልቅ «እንዴት አገኘኸው?» እንበል። የበርበሬ ሻጩን ልጅ ያስገኘልን ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ነበር።

ወላጅንም መጠየቅ ያስፈልጋል። ነገር ግን «ልጅዎ ጎበዝ ነው ወይ?» ቢሉት የጎጃም ገበሬ ልጁን በሰው ፊት አያሞግስም፤ «እንዲያው ልጅ ነው መምህር፣ ይቅጡልኝ» ይላል። ይልቅስ «አባባ፣ ቤት ሲውል ምን ይሠራል? ምን አስቸገራችሁ?» ቢባል ወሬው ይመጣል። «ኧረ መምህር፣ ራዲዮኑን ፈታታው እኮ! ደግሞ መልሶ ገጠመው መሰለኝ» የሚል አባት የሚነግረን ትልቅ ነገር ነው።

ከዚያ የሚቀጥለው ድፍረት የሚጠይቅ ነው። ልጁ የሁለተኛ ክፍል ሒሳብ ካለቀበት፣ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ብቻ ሦስተኛ ክፍል ገብቶ ቢቀመጥስ? ርእሰ መምህሩና የሦስተኛ ክፍሉ መምህር ከተስማሙ አንድ ወንበር ነው የሚጠይቀው። በአባቶቻችን ዘመን ጎበዝ ተማሪ በአንድ ዓመት ሁለት ክፍል ሲያልፍ «ደብል መታ» ይባል ነበር፤ እንግዳ ነገር አይደለም። ሙሉ ክፍል ማዘለል ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል ባይ ነን፤ በአእምሮው የላቀ ልጅ በዕድሜው ልጅ ነውና ከታላላቆች መካከል ብቻውን ይቀራል። በዚህ ነጥብ ላይ ሁላችንም አልተስማማንም፤ ከመምህራኖቻችን መስማት እንፈልጋለን።

የማናውቀው ጥያቄ ሲመጣስ? «አላውቀውም፤ እኔም ልፈልግ፣ አንተም ፈልግ፣ ዓርብ እንገናኝ» ይባላል። ዓርብ ዕለት ግን መገናኘት ያስፈልጋል። ልጅ ቀጠሮ አይረሳም።

በዓመቱ መጨረሻ የሚረሳ አንድ ነገር አለ። መምህሩ በዓመቱ ያየውን ይዞ ይዛወራል፤ ቀጣዩ መምህር ሮስተሩን ሲከፍት አማካይና ደረጃ ብቻ ያገኛል። በየልጁ ማኅደር አንድ ግማሽ ገጽ ወረቀት ብትገባ ምን ይቸግራል? «ይህች ልጅ ዝም ትላለች፤ ነገር ግን ብቻዋን ስትጠየቅ ትናገራለች፤ ግጥም ትገጥማለች፤ ተረት ስጧት» ብላ የምትል ወረቀት። ቀጣዩ መምህር መስከረም ላይ ይህን አንብቦ ቢጀምር አንድ ዓመት አተረፈ ማለት ነው።

እንግዲህ ለመምህራኖቻችን የምናቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። ለልምምድ ስንወጣ ክፍል ገብታችሁ ስትመለከቱን፣ ስለ ሰሌዳ አጠቃቀማችንና ስለ ድምፃችን ከምትጠይቁን ጋር «ከክፍልህ ውስጥ ያልተጠበቀ ነገር ያሳየህ ልጅ ማን ነው? እንዴት አወቅህ?» ብላችሁ ጠይቁን። እንደምትጠይቁን ካወቅን እንፈልጋለን። ለሥልጠና ጓደኞቻችን ደግሞ ከዚህ ጋዜጣ በስተግራ ደብተር በሲባጎ ታስሯል። ከልምምድ ስትመለሱ የልጁን ስም ሳትጽፉ ያያችሁትን አስፍሩበት፤ የስንተኛ ክፍል እንደሆነ፣ ምን እንዳደረገ፣ እናንተስ ምን እንደሰጣችሁት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የበርበሬው ልጅ ተጽፏል። እስክሪብቶ ይዛችሁ ኑ፤ ያሰርነው ከትናንት ወዲያ ጠፍቷል።